ሰው የማያድርበት ሜዳ

ሥጋችንን ከአፈር አበጅቶ እስትንፋሱን ያሳደረብን፣ ሕመማችንንም ፈውሳችንንም አስቀድሞ የሚያውቅ ልዑል እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን። በእርሱ ስም ጀምሬ በእርሱ ቸርነት የምፈጽመው ይህ ጽሑፍ ከወባ መከላከል ሥራ በጡረታ ከተሰናበትሁ በኋላ የተጻፈ ነው።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ነገር እንዲህ ነው። ባለፈው መኸር በአምባሰል ቆላ፣ ጠደቻ ሜዳ በሚባለው መንደር፣ አዲስ የእህል ወፍጮ ሲመረቅ ከተጋበዙት ሽማግሌዎች አንዱ ነበርሁ። ከወረዳው የመጣ አንድ ትሑት ወጣት ኃላፊ ንግግር አደረገ። ሜዳው ዛሬ በዓመት ሁለት ጊዜ እንደሚታረስ፣ ሽንኩርቱ እስከ ደሴ ድረስ እንደሚጫን፣ ከዐረብ አገር የተመለሱ ልጆች ሱቅና የእንጨት ሥራ ቤት እንደከፈቱበት ዘርዝሮ፣ «ይህን ሁሉ ያመጣልን መንገዱ ነው» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብሁ። መንገዱን የሚያቃልል አንደበት የለኝም። ነገር ግን መንገዱ የመጣው ሰው በሜዳው ላይ ማደር ከጀመረ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ሰው የማያድርበት ሜዳ መንገድ ማን ይጠርግለታል? ያን ዘመን ያዩ ዐይኖች እየተከደኑ በመሆናቸው፣ የቀረነው ብንናገር ይሻላል ብዬ ብዕር አነሣሁ።

ተወልጄ ያደግሁት በሐይቅ ከተማ ነው። በሕፃንነቴ በእግሬ እየተመላለስሁ በሐይቅ እስጢፋኖስ ፊደል ቆጠርሁ፣ ዳዊት ደገምሁ፤ ከፍ ስል ዜማና ባሕረ ሐሳብ ተማርሁ። ባሕረ ሐሳብ የበዓላትንና የአጽዋማትን ዕለት በፀሐይና በጨረቃ ስሌት የሚያወጣ ትምህርት ነው፤ በኋላ ለወባ ሥራ ይጠቅምሃል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር በሳቅሁበት ነበር። አባቴ ባረፈ ጊዜ እናቴን የሚረዳ ሌላ አልነበረምና፣ መምህሬን አስፈቅጄ በወባ መከላከል ሥራ፣ በቤት ግድግዳ ላይ የቢንቢ መድኃኒት ረጪ ሆኜ ተቀጠርሁ። መምህሬ ግንባሬን በመስቀል ዳስሰው፣ «ሂድ፤ ያም አገልግሎት ነው» አሉኝ። ደመወዙ የሚበቃም የማይበቃም ነበር፤ ስለ እርሱ ከዚህ በላይ አልልም።

የመጀመሪያ ምድቤ በሐይቅና በአርዲቦ ዳርቻ ያሉ መንደሮች ነበሩ። የቡድናችን መሪ አያ እንድሪስ ይባላሉ፤ የተሁለደሬ ሰው፣ ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ሶላታቸውን የማያሳልፉ፣ ቀልዳቸውን ግን ፊታቸው ላይ የማያሳዩ። ሥራን ያወቅሁት ከእርሳቸው ነውና ልማዳቸውን ልግለጥ።

አያ እንድሪስ ወደ ማንም ቤት ሲገቡ መርጫውን ከደጅ ያወርዳሉ። እመቤቲቱን ሰላም ብለው፣ «ልጆቹ የሚተኙት በየትኛው በኩል ነው?» ይላሉ። ርጭቱ የሚጀመረው ከዚያ ግድግዳ ነው። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ሁሉንም እንደምንረጭ እኛ እናውቃለን፤ እናትየዋ ግን ለማን እንደመጣን ታውቃለች» አሉኝ። በክርስቲያን ቤት የተሰቀለ ሥዕል ካለ፣ «የናንተን አንተ አንሣ» ብለው እኔን ይልካሉ፤ በእስላም ቤት የመስገጃውን አጎዛ ጠቅልለው የሚያወጡት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ መዳፋቸውን በግድግዳው ላይ ያሳርፋሉ፤ ርጥብ ከሆነ፣ «ይህ ዛሬ አይጠጣልንም» ብለው ለሌላ ቀን ያሳድሩታል። ማምሻውን መርጫው የሚታጠበው ከሐይቁም ከቀፎም ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ላይ ነበር፤ ድካም ኖረም ዝናብ፣ ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ትተው አያውቁም።

እኔ በመጀመሪያ ቸኳይ ነበርሁ። አንድ ቀን በአርዲቦ አጠገብ ስረጭ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«አንተ ዲያቆን» አሉኝ፤ «ግድግዳ እየረጨህ ነው ወይስ እሳት እያጠፋህ?»

«ምን አጠፋሁ አያ እንድሪስ?»

«እጅህ ይሮጣል። ዜማ ተምሬያለሁ ትል የለም? ከሁሉ የረጋው የትኛው ነው?»

«ቁም ዜማ ነው፤ ያለ ጭብጨባ ያለ ከበሮ ቆመን የምናዜመው።»

«ከሁሉ የፈጠነውስ?»

«ጽፋት። እየተጨበጨበ የሚባለው።»

«አሁን የምትረጨው የትኛውን ነው?»

አፍሬ፣ «ጽፋቱን ሳይሆን አይቀርም» አልሁ።

«በል ለበዓልህ አቆየው። እዚህ የረጋውን በልብህ ይዘህ እርጭ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ያወጣሁትና ያወረድሁት በልቤ በማዜመው ቁም ዜማ ልክ ነው። የመርጫው ጫፍ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ይርቃል፤ አንዱ መስመር የሌላውን ጠርዝ ጥቂት ይደርባል፤ መድኃኒቱ ሳይንጠባጠብና ሳይሳሳ ይቀመጣል። የግሸን ንግሥ ሲደርስ ምእመናን የሚጠጡትን ውኃ ለማከም ወደ ተራራው የተላክሁባቸውም ዓመታት ነበሩ፤ በዚያም ሥራ ቢሆን የእጄ ርጋታ የእርሳቸው ትምህርት ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቡድናችን ወደ አምባሰል ቆላ ተዛወረ። ጠደቻ ሜዳን መጀመሪያ ያየሁት ከላይ ከሸንተረሩ ነው፤ ስሙን የሰጡት፣ ጠደቻ የሚባሉት እሾሃማ ዛፎች በብዛት ቆመውበታል። አፈሩ ጥቁርና ወፍራም፣ ወንዙ በጋም የማይደርቅ፣ ሜዳው ለዐይን የሰፋ። ከቤት ግን አንድም አይታይም። ሕዝቡ የሚኖረው ድንጋያማው ሸንተረር ላይ ተፋፍጎ ነበር። ገበሬው ጠዋት በሬውን እየነዳ ይወርዳል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሞፈሩን ተሸክሞ ይሮጣል። ከመሸ በኋላ በሜዳው የቆየ ሰው በንዳድ ይያዛል።

ይህ ኑሮ በእህል ላይ ምን እንደሚያደርስ ያላየ ሰው ላይገባው ይችላል። ገበሬው ማሳው ላይ ሲደርስ ዝንጀሮው ቁርሱን በልቶ ሄዷል፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ጃርቱ እራቱን ሊበላ ይመጣል። ዳገቱ የበሬውን ጉልበት ከእርሻው በፊት ይጨርሰዋል። ከሁሉም የከፋው ወቅቱ ነው። ወባ የምትበረታው ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲያቁር ነው፤ ያም እህል የሚያሽትበትና የሚታጨድበት ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ በሚያስፈልግበት ሰሞን ግማሹ ሰው ይተኛል፤ ግማሹ ደግሞ የተኛውን ያስታምማል። ከእኛ በፊት የግብርና ሰዎች ምርጥ ዘርም ማዳበሪያም ለሜዳው አምጥተው ነበር፤ ቀናዎችና ትጉሃን ነበሩ። ዘሩ በቀለ፣ አማረ፣ አጫጅ አጥቶ ረገፈ።

በዚህ ሜዳ ላይ ቤት ለመሥራት መጀመሪያ የደፈሩት አሕመድና ሚስቱ ዘሀራ ናቸው። ጎልማሶች ነበሩ፤ በሸንተረሩ ላይ የነበራቸው መሬት አንዲት ቀጭን እርከን ብቻ በመሆኗ ልጆቻቸውን የማታበላ ሆናባቸው ነበር። «ቤታችሁን በየዓመቱ እንረጫለን» ብለን ስንነግራቸው አምነውን ወረዱ። የሸንተረሩ ሰው ከላይ ሆኖ ይመለከታቸው ነበር። ገበያ ላይ አንዱ፣ «አሕመድ መቃብሩን ቆፍሮ ገባበት አሉ!» ቢል፣ ዘሀራ ለሽያጭ የተሸከመችውን የቅቤ ቅል ከራሷ ላይ ሳታወርድ፣ «አንተ ደግሞ ከላይ ሆነህ ተራህን ጠብቅ፤ ቦታ ተርፎናል» አለችው ብለው ሰዎች ሲስቁ ሰምቻለሁ። ነገሩ ግን የሳቅ አልነበረም። እነርሱ መኸሩን በጤና ካነሡ ሌላው ይከተላል፤ ካላነሡ ሜዳው ለልጅ ልጅም ባዶ እንደሚቀር ሁሉም ያውቅ ነበር።

በክረምቱ መጨረሻ ቤታቸውን በጥንቃቄ ረጨን። በኅዳር ተጠርተን ስንመለስ አሕመድም ልጆቹም ተኝተው፣ ማሽላውን ወፍ እየበላው፣ ጤፉ በማሳው ላይ ተኝቶ አገኘነው። ዘሀራ እርጉዝ ነበረች፤ ንዳዱ በላይዋ ላይ ወድቆ በሆዷ የነበረውን ወሰደባት። ወንድሞቿ በቃሬዛ ወደ ሸንተረሩ አወጧት፤ ቤቱ ተዘጋ። በረዥሙ የሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያለ ቀን አልገጠመኝም።

አለቃችን ከደሴ መጡና ተቆጡ። «መድኃኒቱን አቅጥናችሁታል፤ ወይም በደንብ አልረጫችሁም» አሉ። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ከወረቀት ላይ ሲታይ ሌላ ምክንያት አይገኝም። አያ እንድሪስ፣ «ጌታዬ፣ ግድግዳውን ሳንጠይቅ መልስ የለኝም» ብለው ብቻ መለሱ።

ወርደን የተዘጋውን ቤት አስከፈትን። አያ እንድሪስ እንደ ልማዳቸው መዳፋቸውን በግድግዳው ላይ አሳረፉ፤ ቆዩ። ከዚያ በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። ከላይ በጭድና በእበት የተቦካ ለስላሳ አዲስ ምርጊት አለ፤ ከበታቹ እኛ የረጨነው ነጩ መድኃኒት፣ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ቢንቢ እንዳይነካው ሆኖ ተቀብሯል። በዚያ ዓመት መውሊድ የዋለው ከርጭታችን ጥቂት ቀን በኋላ ነበር። ዘሀራ ለነቢዩ ልደት እንግዳ ትቀበላለች፤ የወሎ ሴት ደግሞ፣ እስላምም ትሁን ክርስቲያን፣ ቤቷን ሳትመርግ በዓል አታስገባም። መድኃኒቱ በግድግዳ ላይ ሲደርቅ ነጭ እድፍ ይመስላል። እኛው ራሳችን በየስብሰባው «ቤታችሁን በንጽሕና ያዙ» እያልን ስናስተምር ኖረናል። እርሷም ታዘዘች።

ወደ ሸንተረሩ ወጥተን ዘሀራን በወንድሟ ቤት አገኘናት። አያ እንድሪስ ተቀምጠው ዱዓ አደረጉላት። ከዚያ ያየነውን ነገሯት፤ እየለዘቡ፣ ግን ሳይሸሽጉ። አዳምጣ ስትጨርስ፣

«ስለዚህ ቤቴን ያነደድሁት እኔ ነኛ?» አለች።

«አብሽሪ ልጄ፤ አንቺ አይደለሽም። አንቺ ቤትሽን አሳመርሽ። መቼ መቼ እንደምትመርጊ መጠየቅ የነበረብን እኛ ነን። እስቲ አሁን ንገሪን።»

ነገሩ ለእርሷ ብቻ የሚተው አልነበረምና የሸንተረሩ ሴቶች ተሰበሰቡ። አያ እንድሪስ ከርጭት በኋላ እንዳይመርጉ ቢለምኗቸው ጫጫታ ሆነ። አንዲት ወይዘሮ ተነሥታ፣ «የእናንተ መድኃኒት ቢንቢውን ይግደል አይግደል እንጃ፤ የኛን ክብር ግን በእንግዳ ፊት ገድሎታል!» አለች። ሌላዋ ወደ እኔ ዞራ፣ «አንተ ዲያቆን፣ እናትህ ቤቷን ሳትመርግ ለመስቀል ችቦ አብርታ ታውቃለች?» አለችኝ።

«አታውቅም።»

«ታዲያ!» ብላ ተቀመጠች፤ ሁሉም ሳቁ፤ ዘሀራ ብቻ አልሳቀችም።

አያ እንድሪስ ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቀው፣ «እንግዲያው እናንተ አትለወጡ፤ እኛ እንለወጥ» አሉ። «እናንተ መጀመሪያ መርጉ፤ ምርጊቱ ሲደርቅ እኛ እንምጣ። ከዚያ በኋላ በዓል ቢመጣ የውጩን ግድግዳ በቀይና በነጭ አፈር አስጊጡት፤ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው ውጩን ነው። የውስጡን ለአፊያችሁ፣ ለጤናችሁ ተዉልን።»

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተነጋገሩና ተስማሙ። አስቸጋሪው ቀኑን መቁረጥ ነበር፤ መስቀል ዕለቱ የታወቀ ነው፣ መውሊድ ግን በጨረቃ ስለሚሄድ ከዓመት ዓመት ይፈናቀላል። በዚህ ጊዜ ነው ባሕረ ሐሳብ የጠቀመኝ። ከመንደሩ ሸህ ጋር አንድ አጎዛ ላይ ተቀምጠን፣ እርሳቸው በሂጅራቸው እኔ በአቡሻኽር የባሕረ ሐሳብ ስሌት ጨረቃዋን አሰላናት። የሚመጣውን ዓመት በዓላት ሁሉ አውጥተን ምርጊቱንና ርጭቱን በመካከላቸው አስቀመጥን። ሸሁ ሲጨርሱ፣ «ጨረቃዋስ አንድ ናት፤ መንገዱን ነው የለያየነው» ብለው ፈገግ አሉ። አለቃችንም ሐሳቡን ሲሰሙ መርሐ ግብሩን ያለ ክርክር አዛወሩልን፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ዓመቱ ዞሮ ሁሉም እንደ ስምምነቱ ሆነ። አሕመድ የሜዳውን ማሳ ዘራ፤ ከዘሀራ ወንድሞች የአንዱ ሚስት የቤቱን ውስጥ መረገችው፤ ደረቀ፤ ረጨነው። ዘሀራ ግን ከሸንተረሩ ወርጄ አላድርም አለች። አሕመድም ያለ እርሷ በሜዳው አላደረም። ሰው ሁሉ እነርሱን ያይ ነበርና አያ እንድሪስ ሄደው ለመኗት።

«እኔ የሰጠሁትን ሰጥቻለሁ» አለች፤ «ወላሂ ሁለተኛ አልሰጥም።»

«አልፈርድብሽም። እንግዲያው ቤቱ ባዶውን ከሚቆም እኛን አስገቢን። እኔና ዲያቆኑ መኸሩ እስኪነሣ እዚያ እንደር። በየጠዋቱ ውረጂና ፊታችንን እዪ። ከሁለታችን አንዳችን ከተንቀጠቀጥን አትውረጂ፤ ማንም አፉን አይከፍትብሽም።»

እኔ ከአጠገባቸው ነበርሁና፣ «አያ እንድሪስ፣ እኔን ጠይቀውኛል እንዴ?» አልሁ።

«አሁን እየጠየቅሁህ ነው» አሉኝ፤ ፊታቸው ሳይለወጥ።

ገባን። ቀን ቀን በዙሪያው ያሉትን መንደሮች እንረጫለን፤ ሳይመሽ ተመልሰን በሩን እንዘጋለን። እርሳቸው በአንዱ ጥግ ይሰግዳሉ፣ እኔ በሌላው ጥግ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። ጎሕ ሲቀድ ከዝንጀሮው ቀድመን ማሳው ዳር እንቆማለን። ዘሀራና አሕመድ በየጠዋቱ ይወርዳሉ። እርሷ ከደጅ ቆማ፣ «ውጡ» ትለናለች። ፀሐይ ላይ አቁማ ዐይናችንን ታያለች፤ ከዚያ፣ «ዳብሳቸው» ብላ አሕመድን የግንባራችንን ትኩሳት በእጁ ጀርባ ታስለካዋለች። «ቀዝቃዛ ናቸው» ሲላት፣ «አፊያ ይስጣችሁ» ብላ ሌላ ቃል ሳትጨምር ትመለሳለች።

እህሉ አሽቶ አጨዳ ሊጀመር ሲል፣ አንድ ማለዳ ራሴን ወቅሮኝ ሰውነቴ እየተንቀጠቀጠ ነቃሁ። ለራሴ ከመፍራቴ ይልቅ ሜዳው ታየኝ። አያ እንድሪስ ጋቢያቸውን ደረቡልኝ።

«አያ እንድሪስ» አልኋቸው፤ «ወደ ሌላ መንደር ማልጄ እንደ ሄድሁ ይንገሯት። ደሜን አስመርምሬ ስመለስ እውነቱን እንነግራታለን።»

«አንተ ታመሃል፤ ቃሌን ግን አታሳምመው» አሉኝ። «ፊታችንን እዪ ብያታለሁ። ታያለች።»

ዘሀራ ስትመጣ በር ላይ ቆመው፣ «ዛሬ ዲያቆኑ ያንቀጠቅጠዋል። ምን እንደሆነ ገና አናውቅም። ደሙን ጤና ጣቢያ እንልካለን» አሏት። አየችኝ። ፊቷ ጠቆረ። ይመለሳሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ከግድግዳው ጥግ ተቀመጠችና ነጠላዋን በራሷ ላይ ሳበች። አሕመድ በመስተዋት ላይ የተቀባውን ደሜን ይዞ ዳገቱን ወጣ፤ እርሷ ከዚያ ቦታ ሳትነቃነቅ ዋለች፤ አያ እንድሪስ አጠገቧ ተቀመጡ። ከቀትር በኋላ አሕመድ ከሩቅ እየጮኸ ወረደ።

«የለበትም! ወባ የለበትም! ጉንፋን ነው!»

ዘሀራ ብድግ አለች። «ጉንፋን!» አለች ወደ እኔ እያየች። «ለጉንፋን ነው ይህን ያህል ያስጨነቅኸኝ? አንተ ሸክላ!» ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ እንባ ዞረ፤ እንባዋ ደግሞ ሳይቆይ ደረቀ።

በማግሥቱ ጠዋት ፊታችንን ለማየት አልመጣችም። የመጣው አህያ ነበር። በአህያው ላይ የድንጋይ ወፍጮዋ ከነመጁ ተጭኗል፤ ከኋላ ልጆቿ፣ ከእነርሱ ኋላ ዘሀራ። በዚያ አገር ሰው ድስቱንና ቁርበቱን ለአንድ ሰሞን ይዞ ሊወርድ ይችላል፤ የወፍጮ ድንጋይ ያወረደ ግን ሊኖር መጥቷል። እኔና አያ እንድሪስ ዕቃችንን ሰብስበን ወጣንላቸው። በዚያ መኸር አንድ ማሳ ከዳር እስከ ዳር በባለቤቱ እጅ ታጨደ፤ የሸንተረሩ ሰው ከላይ ቆሞ አየው። በሚቀጥለው ክረምት ሌሎች ቤቶች ቆሙ፤ ከዚያም ሌሎች። ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ወጣቱ ኃላፊ ያመሰገነው መንገድም የተከተሉት ያንን ነው። መሬቱ ቀድሞም ነበረ፤ ውኃውም ነበረ፤ የጎደለው በአጨዳ ሰሞን በሁለት እግሩ የሚቆም ሰው ነበር።

አያ እንድሪስ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ አምላክ በበጎ ያስባቸው። ከእርሳቸው በኋላም ብዙ ሜዳ ረጭቻለሁ፤ ብዙ አለቆችን አገልግያለሁ፤ አጎበርና አዲስ መድኃኒት ሲመጣ አይቻለሁ፤ ሁሉንም አመሰግናለሁ። ስለ ጠደቻ ሜዳ ግን የዘሀራን ያህል የተናገረ አልሰማሁም። ወደ ሜዳው በወረደችበት ሰሞን የወንድሟ ሚስት በገበያ አግኝታት፣ «ደግሞ ምን አስደፈረሽ? መድኃኒቱ እንደሚሠራ በምን አወቅሽ?» ብትላት፣ እንዲህ አለቻት፦

«መድኃኒቱንማ አሁንም አላውቀውም። ታመናል ብለው የነገሩኝ ሰዎች ደህና ነን ሲሉኝ ግን አምናለሁ።»

ይህን ያነበብህ ወንድሜ፣ ያነበብሽ እኅቴ፣ የሰማይና የምድር ጌታ ደጃችሁን ከደዌ ይጠብቅ። የዘራችሁትን በጤና ለማጨድ፣ ያጨዳችሁትን ከልጆቻችሁ ጋር ለመቁረስ ያብቃችሁ። በቤታችሁ የታመመ ቢኖር ያስነሣላችሁ፤ እናቶችን በሰላም ያገላግል፤ ሽማግሌዎቻችሁን በክብር ያቆይ። አሜን።